ጃንጥላው ማን እጅ ነው?

ይህ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አነስተኛ አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። አድማጮቼ በአብዛኛው መስከረም ላይ 12ኛ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቂት ወላጆችም አብረው መጥተዋል። ስልክ ላይ ከተቀረጸው ነው የገለበጥኩት። የደጋገምኩትን አውጥቻለሁ፣ ቀልዶቹን ግን አልነካኋቸውም። ፎርሙላዎቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ። ምክንያቱን አሁኑኑ ታዩታላችሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እንደምታዩት መብራት ሄዷል። እኔ ደግሞ 24 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ሁለት ሌሊት አምሽቼበታለሁ። ሰሌዳም የለም። ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። እንግዲህ በአፍ እናወራለን። ምናልባት ይሻል ይሆናል።

ዛሬ የማወራው ስለ ኮንጁጌት አሲድና ኮንጁጌት ቤዝ ነው። ከ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ውስጥ እንደዚህ ቀላል ሆኖ እንደዚህ ነጥብ የሚያስጥል ርዕስ አላውቅም። እኔም ጥያለሁ። ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ «የሰልፈሪክ አሲድን ኮንጁጌት ቤዝ ጻፍ» የሚል መጣ። ሳላመነታ «ሰልፌት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ትልቅ ቀይ ኤክስ። መምህሬን ጠየቅኳቸው። «መጽሐፉን አንብብ» አሉኝ። አነበብኩ። መጽሐፉም አልነገረኝም፣ ወይም እኔ አልገባኝም። ለምን እንደተሳሳትኩ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ሁለት ዓመት እንዳትጠብቁ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ስሙን እናንሳ። «ኮንጁጌት» ሲባል ሁላችንም «ጥንድ» ብለን እንይዘዋለን። ጥንድ ሲባል ደግሞ ባልና ሚስት ይመጣብናል። አንዱ አሲድ፣ አንዱ ቤዝ፣ ተገናኙ፣ ተጋቡ። ስለዚህ ተማሪው ኢኩዌሽኑን ያይና ከቀስቱ በስተግራ ያሉትን ሁለቱን ያከብብና «እነዚህ ናቸው ጥንዶቹ» ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ይጀምራል። እነሱ ጥንድ አይደሉም። እነሱ በመንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ስመጣ ያየሁትን ልንገራችሁ። አደባባዩ ጋ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ነበር። ዝናቡ ድንገት ወረደ። አንዲት ልጅ ጃንጥላ ይዛለች። ከፊቷ ሕፃን ያዘለች እናት አለች፣ ጃንጥላ የላትም። ልጅቷ ጃንጥላዋን ሰጠቻት። ራሷ ጃኬቷን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። አለቀ። ኬሚስትሪው ይኸው ነው።

ጃንጥላው ፕሮቶን ነው፤ እናንተ «ኤች ፕላስ» የምትሉት። ሃይድሮጅን አቶም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ነው ያለው። ኤሌክትሮኑን ትቶ ሲሄድ የሚሄደው ባዶ ፕሮቶን ነው። ጃንጥላ የሚሰጥ አሲድ ይባላል። ጃንጥላ የሚቀበል ቤዝ ይባላል። ልጅቷ አሲድ፣ እናትየዋ ቤዝ። እስከዚህ ሁሉም ይገባዋል።

አሁን ግን ከሰጠች በኋላ ያለችውን ልጅ እዩዋት። እየበሰበሰች ነው። ጃንጥላ የላትም። ታክሲው ሳይመጣ እናትየዋ «እንኪ ልጄ፣ እኔ ደረስኩ» ብላ ብትመልስላት ትቀበላለች። የምትቀበል ከሆነች አሁን ምን ሆነች? ቤዝ። እናትየዋስ? አሁን ጃንጥላ በእጇ ነው፣ መስጠት ትችላለች። አሲድ ሆናለች። ስለዚህ ጥንዱ ልጅቷና እናትየዋ አይደሉም። ጥንዱ ጃንጥላ የያዘችው ልጅና ጃንጥላ የሌላት ያቺው ልጅ ናት። ሁለተኛው ጥንድ ጃንጥላ የሌላት እናትና ጃንጥላ የያዘችው ያቺው እናት ናት። አንድ ሰው፣ በሁለት የተለያየ ጊዜ። አንዷ ከቀስቱ በስተግራ፣ አንዷ ከቀስቱ በስተቀኝ።

ይህን አስተሳሰብ ያመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ዴንማርካዊው ብሮንስትድና እንግሊዛዊው ሎውሪ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1923 ነው። አብረው አልሠሩም፣ በየፊናቸው ነው የደረሱበት። ከእነሱ በፊት የነበረው የስዊድኑ የአሬኒየስ ሐሳብ ነው፤ አሲድ ውሃ ውስጥ ኤች ፕላስ ይለቃል፣ ቤዝ ኦ ኤች ማይነስ ይለቃል የሚለው። ጥሩ ነበር፤ ግን አሞኒያ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል። አሞኒያ ኤን ኤች 3 ነው። ኦ ኤች የሚባል ነገር በውስጡ የለውም፣ ሆኖም ቤዝ ነው። ደግሞ የአሞኒያ ጠርሙስና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ አፋቸውን ከፍታችሁ ብታቀራርቧቸው ከላያቸው ነጭ ጭስ ይነሣል። ውሃ ውስጥ መግባት ሳያስፈልጋቸው አየር ላይ ፕሮቶን ተሰጣጡ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 የዶክትሬት ሥራውን ሲያቀርብ የተሰጠው ውጤት ዝቅተኛ ነበር። በ1903 በዚያው ሐሳብ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ይህን የምለው ውጤት የተበላሸባችሁ ካላችሁ ብዬ ነው። ፈተና ላይ አይመጣም።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ቀስ ብለን እንሥራ። አቼቶ ታውቃላችሁ፣ ሰላጣ ላይ የሚደረገውን። ቃሉ ከጣሊያን ነው የመጣው። ውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ ይባላል፤ የስሙን መመሳሰል ልብ በሉ፣ ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። ፎርሙላው ሲ ኤች 3 ሲ ኦ ኦ ኤች። ይህን ከአሞኒያ ጋር አገናኙት። ከቀስቱ በስተቀኝ የሚወጣው ሲ ኤች 3 ሲ ኦ ኦ ማይነስ እና ኤን ኤች 4 ፕላስ ነው። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ እጠብቃለሁ።

አሁን አሲዱን አትፈልጉ፣ ቤዙንም አትፈልጉ። መጀመሪያ የሚመሳሰሉትን ፈልጉ። ከግራ አንድ አንሡና ከቀኝ በኩል ወንድሙን ፈልጉለት። ኤን ኤች 3 ከማን ጋር ይመሳሰላል? ከኤን ኤች 4 ፕላስ ጋር። ናይትሮጅኑ ያው ናይትሮጅን ነው። ልዩነታቸው ስንት ነው? አንድ ኤች ፕላስ። በጣም ጥሩ። አንድ ጥንድ አገኛችሁ። የቀሩት ሁለቱ ራሳቸው ጥንድ ናቸው። ከጥንዱ ውስጥ አንድ ኤች የሚበልጠው አሲዱ ነው። ስለዚህ አሞኒያ ቤዝ፣ አሞኒየም የእሱ ኮንጁጌት አሲድ። አሴቲክ አሲድ አሲድ፣ አሲቴት የእሱ ኮንጁጌት ቤዝ።

እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። አሴቲክ አሲድ ስንት ሃይድሮጅን አለው? አራት። ሦስቱ ከካርቦን ጋር ናቸው፣ አንዱ ከኦክስጅን ጋር። የሚሄደው ከኦክስጅን ጋር ያለው ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ያ ሃይድሮጅን እንደላላ ቁልፍ ነው፤ ሲነኩት ይወልቃል። ፎርሙላውን የጻፉት ሰዎች ያን ኤች ለብቻው መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪ ግን መጀመሪያ ያገኘውን ይቀንስና ሲ ኤች 2 ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ መልስ አርሜ አላውቅም ብል ውሸት ነው።

ሌላው ጉድጓድ ቻርጅ ነው፤ ፕላስና ማይነሱ። ይህን በብር አስቡት። እያንዳንዱ ኤች ፕላስ 1 ብር ነው። ባዶ ኪስ ያለው ሰው 1 ብር ቢሰጥ 1 ብር ዕዳ ይገባል፣ ማይነስ 1። የኮላ መጠጦች ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ኤች 3 ፒ ኦ 4 ነው፣ ቻርጅ የለውም። አንድ ሰጠ፤ ኤች 2 ፒ ኦ 4፣ ማይነስ 1። ሌላ ሰጠ፤ ኤች ፒ ኦ 4፣ ማይነስ 2። የመጨረሻውን ሰጠ፤ ፒ ኦ 4፣ ማይነስ 3። ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ዕዳው ይቀላል። «የኤች ፒ ኦ 4 ማይነስ 2 ኮንጁጌት አሲድ ማን ነው?» ቢሏችሁ 1 ብር ስጡት፤ ኤች 2 ፒ ኦ 4 ማይነስ 1። ኤችን ጨምሮ ቻርጁን እንዳለ የሚተው ተማሪ ብሩን ተቀብሎ ዕዳውን መዝገብ ላይ ያልሰረዘ ባለሱቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ኤክስ እንመለስ። ሰልፈሪክ አሲድ ኤች 2 ኤስ ኦ 4 ነው። ሰልፌት ኤስ ኦ 4 ማይነስ 2። ልዩነታቸው ስንት ፕሮቶን ነው? ሁለት! ኮንጁጌት ጥንድ ደግሞ በአንድ ፕሮቶን ብቻ ነው የሚለያየው። በአንድ። ግማሽ የለም፣ ሁለት የለም። ስለዚህ የሰልፈሪክ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ኤች ኤስ ኦ 4 ማይነስ 1 ነው። ሰልፌት የልጁ ልጅ ነው እንጂ ልጁ አይደለም። ሃይድሮኒየምና ሃይድሮክሳይድም እንደዚሁ ናቸው፤ ኤች 3 ኦ ፕላስ እና ኦ ኤች ማይነስ። በመካከላቸው ውሃ አለ። ውሃን ዘልላችሁ ሁለቱን አታጋቡ።

(እዚህ ላይ ከመሐል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ውሃ ራሱ ታዲያ አሲድ ነው ቤዝ?»)

ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር። አንተ ለእናትህ ማን ነህ? ልጅ። ለታናሽ እህትህስ? ወንድም፣ ምናልባትም ጋሼ። ታዲያ አንተ «ልጅ» ነህ ወይስ «ጋሼ»? ማን አጠገብ እንደቆምክ ይወሰናል። ውሃም እንደዚያ ነው። ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ይቀበላል፣ ሃይድሮኒየም ይሆናል፤ እዚያ ቤዝ ነው። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ይሰጣል፣ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ እዚያ አሲድ ነው። ባይካርቦኔትም ሁለቱንም መሆን ይችላል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ ስሙን ታገኙታላችሁ፤ ኤች ሲ ኦ 3 ማይነስ። ቢቀበል ካርቦኒክ አሲድ፣ ቢሰጥ ካርቦኔት። ስለዚህ «የባይካርቦኔት ኮንጁጌት ምንድን ነው?» ብሎ የሚያቆም ጥያቄ ጎዶሎ ጥያቄ ነው። ኮንጁጌት ምኑ? አሲዱ ወይስ ቤዙ? ፈተና የሚያወጡ ሰዎችም አንዳንዴ ይህን ይረሱታል።

ጥንካሬን በአጭሩ ልንካውና ልለፍ። ጃንጥላውን ወዲያው የሚሰጥ ሰው መልሶ አይፈልገውም ማለት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንደዚያ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ይሰጣል። ኮንጁጌት ቤዙ ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ጃንጥላ ቢያይም አይጠይቅም። ወጥ ውስጥ የምትጨምሩት ጨው ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ አሲዱ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሱ ግን ምግብ ያጣፍጣል። በመካከላቸው ያለው አንድ ፕሮቶን ነው።

ግን እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ጎበዞቹ ናቸው። «ደካማ አሲድ ጠንካራ ኮንጁጌት ቤዝ አለው» ብለው ይሸመድዳሉ። አይደለም። አሴቲክ አሲድ ደካማ ነው፣ ፒ ኬ ኤው 4.76። ፒ ኬ ኤ የአሲድ፣ ፒ ኬ ቢ የቤዝ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥንካሬው ይጨምራል። አሲቴትም ደካማ ቤዝ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የጥንዱ ፒ ኬ ኤ እና ፒ ኬ ቢ ሲደመሩ 14 ይሆናሉ፤ ስለዚህ የአሲቴት ፒ ኬ ቢ 9.24 ነው። ከክሎራይድ ይሻላል፣ ጠንካራ ግን በምንም መንገድ አይባልም። አንዱ ሲደክም ሌላው በአንጻሩ ይበረታል፣ ያ ብቻ ነው። ሌላ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። የአሞኒያ ፒ ኬ ቢ 4.75 ነው። የአሴቲክ አሲድ እኩያ ሊባል ይችላል። አሞኒየም አሲቴት ውሃ ውስጥ ብታሟሙ ፒ ኤች ወደ 7፣ ማለትም አሲድም ቤዝም ወዳልሆነው መሐል፣ የሚጠጋው በዚህ ግጥምጥሞሽ ነው።

(ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት ጣልቃ ገቡ። «እኔ የምትለው ሁሉ አልገባኝም፤ ግን ዓሳ ሳጥብ ሎሚ የምጨምረው ለምንድን ነው? ያንን ንገረኝ» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ።)

እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የዛሬውን ትምህርት የሚያውቁት። ከዓሳ ሽታ ውስጥ አንዱ ድርሻ አሚን የሚባሉ የአሞኒያ ዘመዶች ናቸው። ቤዝ ናቸው። ቻርጅ ስለሌላቸው ተነው አፍንጫ ይደርሳሉ። ሎሚው ውስጥ ሲትሪክ አሲድ አለ። ለአሚኑ ፕሮቶን ይሰጠዋል። አሚኑ ኮንጁጌት አሲድ ይሆናል፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ቻርጅ የያዘ ነገር ደግሞ ከውሃው ተነሥቶ አይበርም። ሽታው ይጠፋል፣ ሲያለቀልቁት አብሮ ይወርዳል። እርስዎ ይህን ከእኛ ቀድመው ሲሠሩት ኖረዋል።

ሌላም ኪሴ ውስጥ ያለ ነገር አለ። ይኸው። ሰሞኑን ወገቤን አሞኛል፣ ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት ነው የገዛሁት። ጀርባው ላይ «ዲክሎፌናክ ሶዲየም» ይላል። ሶዲየም ምን ያደርጋል እዚህ? ዲክሎፌናክ አሲድ ነው። ፕሮቶኑን አስጥለውት ኮንጁጌት ቤዝ አድርገውታል፣ ኔጌቲቩን ሶዲየም ያጅበዋል። ምክንያቱም ቻርጅ ያለው ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል። አያቶቻችሁ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ «ሜትፎርሚን ሃይድሮክሎራይድ» የሚል ታያላችሁ። ያኛው ተቃራኒው ነው። ሜትፎርሚን ቤዝ ነው፤ ፕሮቶን ሰጥተው ኮንጁጌት አሲድ አድርገውታል፣ ክሎራይድ ያጅበዋል። ዛሬ ቤት ስትገቡ የመድኃኒት ሳጥኑን ክፈቱና ስሞቹን አንብቡ። ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቶን የሰጠ ነው። ሃይድሮክሎራይድ ሲል የተቀበለ ነው። ማንበብ ነው ያልኩት፣ መዋጥ አላልኩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በረኪና ውስጥ ያለው ሃይፖክሎራይት ነው፤ የሃይፖክሎረስ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ። ፕሮቶን ካገኘ ይቀበላል። ሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አቼቶ ብትጨምሩበት ፕሮቶኑን ይቀበላል፣ እዚያው ካለው ክሎራይድ ጋር ሆኖ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሲቀላቀሉ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

እስቲ አሁን እናንተ ሥሩ። ኤች ሲ ኦ 3 ማይነስ ሲደመር ኤን ኤች 4 ፕላስ፣ በስተቀኝ ኤች 2 ሲ ኦ 3 ሲደመር ኤን ኤች 3። ጥንዶቹን አውጡ። ሁለት ደቂቃ።

(ሁለት ደቂቃው ሳያልቅ መብራት መጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፕሮጀክተሩ ተንጫጭቶ ተነሣና ያቆምኩበትን ስላይድ ግድግዳው ላይ ጣለው፤ የፎስፎሪክ አሲዱን ነበር። «ይኸው፣ ቅድም በአፍ የነገርኳችሁ በቀለም» አልኩ ኮራ ብዬ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ዕዳው 2 ብር መሆን ነበረበት።»

ዞሬ አየሁት። ኤች ፒ ኦ 4፣ ማይነስ 1 ይላል። ስላይዱን የሠራሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነበር። ባለሱቁ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። እዚያው ቆሜ አስተካከልኩት።)